ከጋፋት እስከ እንዶድ፤ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የባዮቴክኖሎጂ ፈጠራ አቅምን ስለ መመዘን

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ጋፋት ለተላላፊ መንገደኛ ከሌላው የፋርጣ ገጠር እምብዛም የማይለይ ስፍራ ነው። ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ቦታ የብረታ ብረት ማቅለጫ ምድጃ ይነድ እንደነበረ አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር የሚገምት ሰው አይኖርም። በአገራችን የቴክኒክ ትምህርት ታሪክ ሲነሣ ግን ጋፋት ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በዚሁ ስም ሰይሞታል። ስምን ማውረስ የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የሚወረሰው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የትምህርት ባለሙያው ፈንታ ይመስለኛል።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የሚያስነሣው የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን እየተስፋፋ መምጣቱ ነው። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መስክ ያስተምራሉ፤ ይመራመራሉም። በመንግሥት በኩል የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2009 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል፤ በ2016 የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በኋላ ከሌሎች አዳዲስ የቴክኖሎጂ መስኮች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር እንዲጠቃለል ተደርጓል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህም የተነሣ የዕቅድ ባለሙያዎች «የትኛው ተቋም የመፍጠር አቅም አለው? በምንስ ይለካል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለመልሱ የሚዘጋጁት ቅጾችም በአመዛኙ የመምህራኑን ማዕረግ፣ የቤተ ሙከራዎችን ብዛት፣ የመሣሪያዎችን ዝርዝርና የታተሙ ጽሑፎችን ቁጥር የሚጠይቁ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚሁ አሠራር ውጭ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ተቋም የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ሲገመገም ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ቅጹ የመሣሪያዎችን ቁጥር ይጠይቅ ስለነበር ቁጥሩ ተሞላ። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከመጡበት ሣጥን ገና ያልወጡ መሆናቸውን የሚያሰፍር ዓምድ ግን አልነበረውም። በዚያ ረድፍ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ቅጹን ተከትዬ ስለሠራሁም በወቅቱ ስሕተት መሆኑ አልታየኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ታሪክ ዞር ብዬ በአገራችን አንድ አዲስ ነገር የተፈጠረባቸው ጊዜያት እንዴት እንደተጀመሩና የት ላይ እንደተቋረጡ መመልከት የጀመርኩት።

ባዮቴክኖሎጂ የሚለው ቃል እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ለደቡብ ጎንደር ደጋ እንግዳ አይደለም። ሕያዋን ነገሮችን ወይም ከእነርሱ የሚገኘውን ንጥረ ነገር ለጥቅም ማዋል ማለት ከሆነ፣ ባለፈው ሊጥ እርሾ አዲሱን ሊጥ የምታቦካ እናት፣ ጌሾውንና ብቅሉን መጥና ጠላ የምትጠነስስ ባልትና አዋቂ፣ ለመጪው ዓመት ዘር የሚሆነውን የገብስ ዛላ ከአውድማው ለይቶ የሚያስቀምጥ ገበሬ ሁሉም በዚህ ሥራ ውስጥ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ይህን ዕውቀት በጥያቄ መልክ ማንሣት፣ ምክንያቱን መመርመርና የተሻለ አድርጎ መመለስ ነው። አቅም ስንል እንግዲህ ጥያቄው ከሰው ኑሮ ተነሥቶ፣ በምርምር አልፎ፣ ተፈትኖና ታምኖበት ወደ ጠያቂው እስኪመለስ ድረስ ያለው መንገድ ሳይቆረጥ መዘርጋቱን ማለታችን ነው። አንድ ተቋም የዚህን መንገድ አንዱን ክፍል አሳምሮ ሠርቶ ሌላው ክፍል ቢጎድለው በቅጹ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ የተጠየቀው ነገር ግን አይደርስም።

የጋፋት ምድጃ

በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ በነበሩት በሳሙኤል ጎባት አማካይነት፣ ከስዊስ ከተማ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚስዮናውያን ከ1856 ጀምሮ በየጊዜው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን፣ ቀጥሎም ዋልድማየርና ዛልሙለር ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀሱ ናቸው። የመጡበት ዓላማ በእጅ ሥራቸው እየኖሩ ወንጌልን ማስተማር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በጋፋት መኖሪያና የሥራ ቦታ ተሰጥቷቸው መጀመሪያ በመንገድ ሥራና በልዩ ልዩ ጥገና፣ በኋላም በመድፍ ሥራ ላይ ተሰማሩ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም በዚሁ ሥራ ተካፋይ ነበረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መድፍ ለማቅለጥ የሠለጠኑ አለመሆናቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠይቋቸው እንዲህ ያለውን ሥራ አናውቅም ብለው መልሰው ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተነሣም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈው፣ ምድጃው ተሻሽሎ፣ የሚስማማው አፈርና ጡብ እየተፈተነ፣ በስተመጨረሻ ቀልጦ የፈሰሰው ናስ ቅርጽ ያዘ። በ1867 የተጠናቀቀውና «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነበር። በዚሁ ዓመት ጥቅምት አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች እየተሻገረ፣ መንገድ በፊቱ እየተቆረጠለት፣ በሰው ኃይል እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው በ1868 መጋቢት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሚያዝያ ወር፣ መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም አረፉ። የጋፋት ሠራተኞችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

ስለ ጋፋት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ወይ የኩራት ነው ወይ የወቀሳ። ለትምህርት ባለሙያ የሚጠቅመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለውን የግምገማ ቅጽ ይዞ አንድ ገምጋሚ በ1867 ክረምት ጋፋት ቢደርስ ምን ይሞላ ነበር? ባለሙያ አለ፤ መሣሪያ አለ፤ ከላይ እስከ ታች የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ የሚታይ ውጤትም አለ፤ ያውም 7 ቶን የሚመዝን። ሙሉ ነጥብ ነበር። ያው ገምጋሚ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢመለስ ግን የሚቆጥረው ነገር አያገኝም። ከጌቶቹ ጋር አብረው ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንደነበሩ ይታወቃል፤ ነገር ግን የተማሩትን ለሌላ የሚያስተምሩበት ቤት፣ የምድጃው አሠራር በአማርኛ የሰፈረበት መጽሐፍ፣ ከንጉሡ በቀር ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ለአንድ ጠያቂና ለአንድ ትእዛዝ የቆመ አቅም ከጠያቂው ጋር አብሮ አለፈ።

ከዐድዋ ወንዝ ዳር እስከ ኦሃዮ

ጋፋት የብረታ ብረት ሥራ ነው። በሕያዋን ነገሮች ላይ በተመሠረተው ፈጠራ ግን በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ከእንዶድ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም። እንዶድ በደብረ ታቦርም ሆነ በጋይንት ለማንም የማይጠፋ ተክል ነው፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ሳሙና በየሱቁ ከመግባቱ በፊት የጋቢና የነጠላ ማጠቢያ እርሱ ነበረ፤ አሁንም ከእርሱ የተሻለ ነጭ የሚያወጣ የለም የሚሉ አሉ።

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ በሽታን ስርጭት ያጠኑ ነበር። ለአንባብያን እንደሚታወቀው የቢልሃርዚያ ተሕዋስ የሕይወቱን አንድ ክፍል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አሳልፎ፣ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው በቆዳው በኩል ይወጋል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ዑደት ይቆረጣል። አክሊሉ ለማ በአንድ ወራጅ ውኃ ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ በላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች በሕይወት ሲኖሩ፣ ከበታች ያሉት ሞተው መገኘታቸውን ልብ አሉ። የሚያጥቡበት ነገር እንዶድ ነበረ።

ይህ ክስተት ብዙ ጊዜ እንደ ዕድል ነገር ይነገራል። በእኔ አስተያየት ዕድል የሚለው ቃል ነገሩን ያሳንሰዋል። በዚያ ውኃ ዳር ያለፈ ሰው ብዙ ነው፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም አይጠፋም። ልብሱን፣ አረፋውንና የቀንድ አውጣውን ሞት በአንድ ጥያቄ ያገናኘው የተመራማሪው ሥልጠና ነው፤ ጥያቄውንም ሊያነሣ የቻለው እዚያው በመገኘቱ ነው። ከዚህም ቀጥሎ የመጣው ሥራ ረጅም ነበር። አክሊሉ ለማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ በዚያው አካባቢ የተለቀመ እንዶድ ወንዞቹ ላይ ተጨመረ። በውጤቱም በሕዝቡ ውስጥ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 34 ገደማ፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። የዕፅዋት ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን ብርቱ ዝርያ ለዩ። ሁሉም እንዶድ አንድ ዓይነት ኃይል የለውም፤ ፍሬ የሚሰጠው የሴቴው ተክል ነው፤ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ከበሰለው ይበረታል። ይህን ሁሉ መለየት የሚቻለው ለዓመታት በማሳ ላይ በመቆየት ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ አልተቆረጠም። ጥያቄው፣ ተቋሙ፣ የማሳው ሥራ፣ በሰው ጤና ላይ የታየው ውጤት ሁሉም በአገር ውስጥ ነበሩ። የተቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። አንድን ንጥረ ነገር ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ላይ በስፋት ለመጨመር ለሰውና ለእንስሳት ያለው ጉዳት መታወቅ አለበት፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዶድ ዓሣን የሚገድል ስለሆነ ለምሳሌ በጣና ዳር ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በተለመደው መጠንም የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል ስለማይገድል በየጊዜው መጨመርን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የመርዛማነት ምርመራው ተቀባይነት የሚያገኘው «መልካም የቤተ ሙከራ አሠራር» በተባለው ደንብ መሠረት ከተካሄደ ብቻ ነው ተባለ፤ ደንቡንም የበለጸጉት አገሮች የምጣኔ ሀብት ትብብር ድርጅት በ1981 አጸደቀው። በደንቡ መሠረት የሚሠራ ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም። ስለሆነም በአዲስ አበባ የተደረገው የዓመታት ምርምር ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ በቂ ማስረጃ ሆኖ አልተቆጠረም። አክሊሉ ለማ ራሳቸው ችግሩ የገንዘብ ብቻ እንዳልነበረ፣ በአፍሪካ የተሠራን ምርምር ከመነሻው በጥርጣሬ የማየት ዝንባሌም እንደነበረበት ደጋግመው አመልክተዋል። የደኅንነቱ ምርመራ በደንቡ መሠረት በካናዳ ተካሂዶ ተክሉ ለታሰበለት ጥቅም አስጊ አለመሆኑን የሚያሳየው ውጤት ለሕትመት የበቃው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከውኃ ዳሩ ምልከታ እስከዚያ ድረስ ሩብ ምእተ ዓመት አልፏል። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በመምጣቱ የበሽታው መከላከያ ፕሮግራም ሁሉ ወደ ኪኒን አዘነበለ፤ እንዶድም ወደ ጎን ቀረ።

የታሪኩን መልክዐ ምድር መከተል በራሱ ያስተምራል። ጥያቄው የተነሣው ዐድዋ ነው። ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ለአክሊሉ ለማ መታሰቢያ «ለማቶክሲን» የተባለው ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው። ደኅንነቱ የተመሰከረው ካናዳ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 የተሸለሙት «የራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት የተሰጠው ስዊድን ነው። በኋላም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸገረውን የሜዳ አህያ መልክ ያለውን ዛጎላም ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ የፈጠራ ባለቤትነቱ መብት የተመዘገበው በኦሃዮ ለሚገኘው ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። አክሊሉ ለማ በዚህኛው ፈጠራም ከባለ ስሞቹ አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ነገሩን እንዲሁ ዘረፋ ብሎ መጥራት ትክክል አይሆንም። ሆኖም ወንዝ ወርደው ልብስ ያጥቡ ለነበሩት ሴቶች፣ ዕውቀቱ መጀመሪያ የእነርሱ ለነበረው፣ ከዚህ ሁሉ የደረሳቸው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

አሁን እንደገና ቅጹን እናውጣ። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በ1975 ቢገመገም በጥያቄ አነሣሥ፣ በመስክ ጥናትና በሠለጠነ የሰው ኃይል ከማንኛውም የአፍሪካ ተቋም ጋር የሚወዳደር ነበር ለማለት ይቻላል። ቅጹ ያላየው ጉድለት አንድ ነበረ፤ የራስን ውጤት ሌላው እንዲያምን አድርጎ የሚመሰክር ቤተ ሙከራ። ይህን የመሰለ ቤተ ሙከራ ማቋቋምና ማስመስከር የአንድ ተመራማሪ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት ዕቅድ ሥራ ነው። በዕቅድ መጻሕፍት ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ነገር «ድጋፍ ሰጪ አገልግሎት» በሚል ርእስ መጨረሻ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ በጀት ሲቀነስም መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው።

ዘር፣ ሩዝና ድንች

በዚያው በ1989 ያንኑ ሽልማት ያገኙ ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ የዕፅዋት ዘር ሊቁ መላኩ ወረደ። በ1976 በምዕራብ ጀርመን ርዳታ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ማእከል ከ1979 ጀምሮ የመሩት እርሳቸው ናቸው። የእርሳቸው መንገድ ከላይ ካየነው በአንድ ነገር ይለያል፤ ዘሩን በማቀዝቀዣ ክፍል ከማኖር ጋር በገበሬው ማሳ ላይም እንዲኖር አደረጉ፤ ገበሬውም ዘር ሰጪ ብቻ ሳይሆን መራጭና ተቀባይ ሆነ። የዘር ሀብታችን ለሌላው ዓለም ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ገብስን የሚያቀጭጨውንና የሚያስቢጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ዘረ መል ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ በካሊፎርኒያ ለሚመረተው ገብስ መከታ ሆኗል። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ የሚዘራ የፋርጣ ገበሬ ስለዚህ ጉዳይ ሰምቶ አያውቅም፤ ልጁም በትምህርት ቤት ሲማረው አላየሁም።

ከጉና ወርደን ወደ ፎገራ ሜዳ ብንሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ እናገኛለን። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ለሩዝ እንደሚስማማ ታይቶ በ1980ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ እርሻው ተጀመረ። ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። በደራ ወረዳ ባለችው በጅግና ስም «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ለብዙ ዓመታት የሜዳው ዋና ዘር ሆነ፤ ሴቶቹም የሩዙን ዱቄት ከጤፍ ጋር ደባልቀው እንጀራ ማድረግን ለመዱ። ዛሬ በወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል አለ። ጋፋት በባለሙያዎቹ መሄድ ሲያከትም የፎገራ ሩዝ ለምን ቀጠለ? መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው። ሩዙን የሚፈልገው አንድ ሰው አልነበረም፤ ዘሩ በየቤቱ ጎተራ ነበረ፤ አሠራሩን ለመቀጠልም የማንም ፈቃድ አላስፈለገም። ተመራማሪዎቹ ተቋም ይዘው የመጡት በኋላ ነው። ስለዚህ አቅም ሁልጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ይጀምራል ብሎ መነሣት ትክክል አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው የማይተካ ድርሻ ያለው ለምሳሌ በድንች ላይ ነው። ድንች የሚራባው በራሱ ፍሬ ስለሆነ አንድ ጊዜ የገባበት ቫይረስ ወይም ተክሉን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ከዘመን ወደ ዘመን አብሮት ይተላለፋል፤ ገበሬው «ዘሩ አረጀ» የሚለው ይህንኑ ነው። ከተክሉ ጫፍ እጅግ ትንሽ ሕያው ክፍል ተወስዶ በንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ሲበቅል ከበሽታ የጸዳ ችግኝ ይገኛል። ቲሹ ካልቸር የሚባለው ይህ ዘዴ ከዘመናዊው ባዮቴክኖሎጂ ውስጥ በዋጋም በአሠራርም ቀለል ከሚሉት አንዱ ነው፤ የደጋው ኑሮ በድንች ላይ እየተመሠረተ በመጣበት በደቡብ ጎንደርም ከማንኛውም ሌላ ዘዴ አስቀድሞ የሚፈለግ ይመስለኛል። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ የሚታየው ለምለም ችግኝ ለጎብኚ የሚያምር ቢሆንም የመንገዱ መጀመሪያ ነው። ችግኙ ነፍሳት በማይገቡበት ቤት ይባዛል፤ ከዚያ በንጹሕ ማሳ ላይ፤ ከዚያ በዘር አባዢ ገበሬዎች እጅ። ኤሌክትሪክ ለአንድ ቀን ቢቋረጥ የብልቃጡ ክፍል ሙቀት ይዛባል። የመጨረሻው ደረጃ የሚፈጸመው ከቤተ ሙከራው ርቆ ስለሆነ በማንም ቅጽ ላይ አይሰፍርም።

ስለ ቅጹ

ከላይ የተነገረው ሁሉ የመሣሪያና የጽሑፍ ቁጥር አያስፈልግም ለማለት አይደለም። መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ባዶ ክፍል ነው። የእኔ አስተያየት ቁጥሩ ከመንገዱ ጋር ካልተያያዘ ስለ አቅም የሚናገረው ነገር የለም የሚል ነው። ለአንድ ትምህርት ክፍል ሦስት የምርምር ሥራዎቹን አምጣና እያንዳንዱ ከማን ጥያቄ እንደተነሣ፣ የት እንደተፈተነ፣ ማን እንደመሰከረለት፣ አሁን በማን እጅ እንዳለ አስረዳ ቢባል፣ አሥር ገጽ የመሣሪያ ዝርዝር ከሚናገረው ይበልጥ ይናገራል። መንገዱ የተቆረጠበት ቦታም ወዲያው ይታያል፤ ለዕቅድ ባለሙያውም በጀቱን የት ማዋል እንዳለበት ይጠቁመዋል። ሦስቱም ሥራዎች በአንድ ቦታ ላይ ከተቆረጡ፣ ለምሳሌ ሁሉም ናሙና ለምርመራ ወደ ውጭ አገር እየተላከ ከሆነ፣ ችግሩ የተመራማሪዎቹ ስንፍና እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንድ ባለሙያ ተዛውሮ ሲሄድ ሥራው ቀጥሏል ወይ የሚለውም መጠየቅ አለበት። አክሊሉ ለማ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ሲሄዱ በእንዶድ ላይ የተጀመረው ምርምር በለገሠ ወልደ ዮሐንስና በባልደረቦቻቸው ቀጥሏል፤ ይህም ኢንስቲትዩቱ ከጋፋት የተሻለ መሠረት እንደነበረው ያሳያል።

የዚህ መጽሔት አንባብያን ብዙዎቹ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የመንገዱ መጀመሪያ ያለው በእነርሱ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ቢልሃርዚያ ዑደት የሚያስተምረው የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ሥዕሉን ያሳያል፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ተማሪ እናቷ በእንዶድ ልብስ እንደምታጥብ ታውቃለች፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ ግን በመልመጃው ውስጥ የለም። በማሠልጠኛ ኮሌጃችን እጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ሲወጡ ከየአካባቢው ቤተሰብ አንድ የማብላላት፣ የማጠብ ወይም የዘር አመራረጥ ዘዴ ጠይቀው፣ ምክንያቱን በሥነ ሕይወት ቋንቋ አስረድተው፣ ያልተረዱትንም ያልገባን ብለው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አንዲት እጩ መምህርት ከእስቴ በኩል ይዛ የመጣችው ወረቀት ከመልስ ይልቅ ጥያቄ የበዛበት ነበር። ጠላው በአንድ ቤት ቶሎ የሚፈላው፣ በአጠገቡ ባለው ቤት ግን የሚዘገየው ለምንድን ነው? ጋኑ ነው ወይስ ወይራው? በኮሌጁ ካሉት መምህራን መካከል መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልተገኘም። ወረቀቱም በቅጹ ላይ የሚገባበት ረድፍ ስለሌለ ነጥብ አልተሰጠበትም።

ቅጹ በመጪው ዓመት እንዲሻሻል የተዋቀረው ኮሚቴ ሥራውን ጀምሯል። እንደዚህ ላሉ ጥያቄዎች አንድ ረድፍ እንዲከፈት፣ ረድፉም ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር በፊት እንዲቀመጥ ጠይቄአለሁ። ረድፉ እንዲኖር ተስማምተናል፤ በየት ቦታ እንደሚቀመጥ ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው።